ምዕራፍ 6፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ

እናቴ ካረፈች በኋላ ኮመዲኖዋን ስናራግፍ ከጸሎት መጻሕፍቷና ከእድር ደረሰኞቿ መካከል አንድ ደብተር ወጣ። ውስጡ በእርሳስ አራት ዓምድ ተሰምሮበታል፦ ወር፣ ደመወዝ፣ የተቀነሰ፣ የቀረ። ከመስከረም 1986 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 30 ብር ተጽፏል። በኅዳር ወር መስመር ላይ፣ «የተቀነሰ» በሚለው ዓምድ ሥር፣ «ፔርሙዝ 18» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ቁጥር አለ፦ 240 ብር።

ደብተሩ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርሰኝ፣ ማታ እግሬን ታጥበኝ የነበረችው የቤት ሠራተኛችን ሒሳብ ነው።

እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ረቡዕና ዓርብን ሳትጾም አላሳለፈችም። ወር በገባ በ12 ለሚካኤል ደጅ ነዳያን ዳቦ ጋግራ ትወስድ ነበር። የልጅቷን ደመወዝ የያዘችውም ልትበላባት አስባ አይደለም። «በእጇ ከገባ ትበትነዋለች፤ እኔ ጋ ይጠራቀምላት» ብላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ግን የልጅቷ አባት ታመሙና በድንገት አገሯ መግባት ግድ ሆነባት። የመሳፈሪያና ትንሽ ብር ተሰጣት፤ «ቀሪውን ስትመለሺ ትወስጃለሽ» ተባለች። አልተመለሰችም። ዕዳው ኮመዲኖ ውስጥ እንደተሰመረበት ኖረ።

ስለ ግፍ ስናስብ ዐይናችን ቶሎ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል። መጽሐፍ ቅዱስም ስለ ፈርዖን ጭካኔና አክዓብ ከናቡቴ ስለ ነጠቀው የወይን ቦታ ይናገራል። ሕጉ ሲዘረዘር ግን ወደ ጓዳ ይወርዳል፦ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ፣ በመያዣ የተወሰደ ልብስ፣ የወፍጮ መጅ፣ በእርሻ ዳር የሚቀር ቃርሚያ። እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግፈኛው የማናውቀው ሰው መሆኑ ይቀራል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ቅርብ ግፍ ነው።

የፀሐይዋ ቀጠሮ

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ድሃ የሆነውን ምንደኛ፣ ማለትም ተቀጥሮ የሚያድረውን ሰው፣ ማስጨነቅን ይከለክላል። ሰውዬው የአገር ልጅ ይሁን መጻተኛ ልዩነት የለውም። ደመወዙ በዋለበት ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መከፈል አለበት። ምክንያቱም እዚያው ተቀምጧል፦ ድሃ ነውና ነፍሱ በዚያ ገንዘብ ላይ ተንጠልጥላለች። ካልተከፈለው ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ ጩኸቱም በአሠሪው ላይ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠራል። ዘሌዋውያን 19 ይህንኑ ደግሞ፣ የሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ቤት እንዳያድር ያዛል። በመጽሐፈ ጦቢትም አባት ልጁን ሲመክር ይህንኑ አደራ ይለዋል።

ሕጉ «ክፈል» ብሎ አላበቃም፤ ሰዓት ቆርጧል። የቀን ሠራተኛ ያኔም ዛሬም ጎተራ የለውም። ቀን የተሸከመው ብሎኬት ማታ ሽሮ፣ ዘይትና ከሰል ይሆናል። ክፍያው አንድ ሌሊት ቢዘገይ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል። 15 ቀን ቢዘገይ ባለሱቁም ፊቱን ያዞርበታል፤ አከራዩም በር ማንኳኳት ይጀምራል። ለአሠሪው «ነገ ና» ቀላል ቃል ነው፤ ለሠራተኛው ግን ልጆች ሳይበሉ የሚያድሩበት ሌሊት ነው።

ክፍያን ማዘግየት በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ብድር ነው። 20 የቀን ሠራተኞች ያሉት ሥራ ተቋራጭ ክፍያቸውን ለአንድ ወር ቢያቆይ፣ 20 ድሆች ያለ ውል፣ ያለ ወለድና ያለ ፈቃዳቸው አበድረውታል ማለት ነው። እሱ በገንዘባቸው ሲሚንቶ ይገዛል፤ እነሱ ቀለባቸውን በዱቤ፣ ባለሱቁ በቆረጠው ዋጋ ይገዛሉ። ዘመኑ የዋጋ ንረት ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እመቤቷ ጋ «ሲጠራቀምላት» የከረመ የሠራተኛ ደመወዝ ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን አንሷል። ማንም ሳይሰርቃት ተሰርቃለች።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለውን የወይን ቦታ ባለቤት ታሪክ እኛ ስናነበው አንድ ጸጋ አለን። ሰውዬው በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት እየወጣ ሠራተኛ ይቀጥራል። አብዛኛው ዓለም ሰዓቱን መልሶ ማስላት አለበት፤ ለእኛ ግን የራሳችን ሰዓት ነው። 11 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ አካፋና ዶማውን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ አደባባይ የቆመ ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤት እንዴት እንደሚገባ የሚያስብበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ምሳሌ ስንሰብክ የባለቤቱን ቸርነት እናደንቃለን፤ ተገቢም ነው። ከቸርነቱ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጓል። በመሸ ጊዜ መጋቢውን ጠርቶ ሁሉንም አስከፍሏል። ቸርነቱ የቆመው በተጠበቀ ሕግ ላይ ነው።

የአጫጁ ልብስ

በ1960 እ.ኤ.አ. በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ መጻድ ሐሻቭያሁ በሚባል የፈረሰ ምሽግ ውስጥ ቁፋሮ ሲካሄድ፣ በቀለም የተጻፈበት የሸክላ ስባሪ ተገኘ። ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 7ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ለአካባቢው ሹም የቀረበ አቤቱታ ነው። አንድ አጫጅ የድርሻውን አጭዶና ሰፍሮ ጎተራ ማስገባቱን ይናገራል። ሆሻያሁ የተባለ ሰው ግን መጥቶ ልብሱን ወስዶበታል። አብረውት በፀሐይ ያጨዱት ባልንጀሮቹ እንደሚመሰክሩለት ይገልጻል፤ ልብሱ እንዲመለስለትም ይለምናል።

ያ ስባሪ ሸክላ ከኦሪት ሕግ ጎን ሲቀመጥ የተጻፈው ነገር ነፍስ ይዘራል። ዘጸአት 22 የድሃን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስ ያዛል። ቀን የሚለብሰው ጨርቅ ማታ የሚተኛበት ብርድ ልብሱ ነውና። ዘዳግም 24 ደግሞ ወፍጮን ወይም መጁን በመያዣ መውሰድን ጨርሶ ይከለክላል። መጅ የሌለው ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ እህል በቤት እያለ ዱቄት የለም። የሰውን መጅ የወሰደ ነፍሱን ነው በመያዣ የወሰደው።

የዘመናችን መጅ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የቤት ሠራተኛ መታወቂያዋን «እንዳትጠፋብኝ» ላለች አሠሪ አስረክባለች? አረብ አገር የሄደች እህታችን አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ሲወስድባት የሚሆነው ይኸው ነው። መታወቂያ የሌላት ሴት ሌላ ሥራ መቀጠር፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ጣቢያ ሄዳ መክሰስ ይቸግራታል። ጉልበቷ በእጇ ነው፤ ጉልበቷን ወደ እንጀራ የምትለውጥበት መጅ ግን ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሕግ በር ላይ ሲቆም

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከ100 ውስጥ 76ቱ ሴቶች ናቸው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚሠራበት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ሕግ የማይገባበት ነው። የሊባኖስ የ1946 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በስም ጠቅሶ ያስወጣል። ሳዑዲ ዓረቢያ በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ብዙ የውጭ ሠራተኞች አሠሪ መቀየር እንዲችሉ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። እነዚህን ስንሰማ እናዝናለን፤ እንቆጣለን። ነገር ግን የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። ፋብሪካ ውስጥ ላለው የሚሠራው ሕግ ለጓዳዋ ሠራተኛ አይደርስም። ቤሩትም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሕጉ በሩ ድረስ መጥቶ ይቆማል።

ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚሆን በ2020 እ.ኤ.አ. ቤሩት ውስጥ ዓለም አይቷል። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና እየጫኑ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ለወራት የሠሩበት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ሻንጣቸውን ተንተርሰው አስፋልት ላይ አደሩ። ፀሐይ ጠለቀችባቸው።

ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል። የተደበደበች ወይም ያልተከፈላት ሴት ከቤቱ ስትወጣ አሠሪው «ጠፋች» ብሎ ያመለክታል፤ በዳዩ ከሳሽ፣ ተበዳይዋ ተፈላጊ ትሆናለች። ዘዳግም 23 ከጌታው ሸሽቶ የመጣን ባሪያ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ሸሽቶ የመጣው ደስ ባለው ስፍራ ይቀመጣል፤ የሚያስጨንቀውም አይኑር። በዚያ ዘመን በዙሪያው የነበሩ ሕጎች ሸሽቶ የመጣን ባሪያ የሚሸሽግን ይቀጡ ነበር። የሙሴ ሕግ የሸሸ ሰው የሸሸበት ምክንያት እንዳለው ያምናል።

እኛስ? «ሠራተኛዬ ጠፋች» እንላለን። ላም ወይም ቁልፍ እንደ ጠፋ። ከምን ሸሽታ እንደሄደች፣ የስንት ወር ደመወዟን ትታ እንደሄደች የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ስሟ

በአብርሃም ቤት አንዲት ግብፃዊት አገልጋይ ነበረች። ዘፍጥረት 16ን ቀስ ብሎ ያነበበ አንድ ነገር ያስተውላል። ሦራ ስትናገር «አገልጋዬ» ትላለች፤ አብራም ሲመልስ «አገልጋይሽ» ይላል። በንግግራቸው ውስጥ አንድም ጊዜ ስሟን አይጠሩም። መከራው ሲጸናባት ወደ ምድረ በዳ ትሸሻለች። በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ የመጀመሪያ ቃሉ ስሟ ነው፦ አጋር። ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድም ይጠይቃታል። እሷም የሚያያት አምላክ ብላ ለእግዚአብሔር ስም ታወጣለታለች። በመጽሐፍ ቅዱስ ለአምላኳ ስም ስታወጣ የምናያት የመጀመሪያዋ ሰው ንግሥት ወይም ነቢዪት አይደለችም፤ የተበደለች የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ ናት።

መልአኩ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ማዘዙ ይከብዳል፤ ብዙ አንባቢን አስጨንቋል፤ እኔንም ያስጨንቀኛል። ይህን አንቀጽ ይዘው የተገፋች ሴትን ወደ ገፊዋ ቤት የሚመልሱ ሰዎች ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይያዙት። መጽሐፉ የአብርሃምን ቤት በደል አልሸፈነም። በምዕራፍ 21 ከልጇ ጋር በእንጀራና በአንድ አቁማዳ ውኃ ስትባረር እግዚአብሔር የቆመው ከእሷና ከሚያለቅሰው ልጅ ጋር ነው።

የእናቴን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ሳነብ ደነገጥኩ። ከላይ የሠራተኛችን ስምና የትውልድ ቀበሌዋ ተጽፏል፤ ስሙ ግን እኔ እሷን የማውቅበት አልነበረም። የእህቴና የእሷ ስም አንድ ነበርና እቤታችን በገባች ዕለት ሌላ ስም ወጥቶላት ኖሯል። ዓመታት ሙሉ የጠራሁት ስሟን አልነበረም። እዚያ ሸክላ ላይ የልብስ ቀሚው ስም አለ፤ የአጫጁ ስም ግን የለም። ያ ነገር ከሺህ ዓመታት በኋላ በእኛም ቤት ነበር።

ምጽዋት የደመወዝ ምትክ አይደለም

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ንጉሥ ኢዮአቄምን ይወቅሳል። ንጉሡ ሰፊ ቤት ይሠራል፤ መስኮት ያወጣል፤ በዝግባ ያስጌጣል፤ ቀይ ቀለም ያስቀባል፤ ሠራተኞቹን ግን በነፃ ያሠራል። ነቢዩ አባቱን ኢዮስያስን ያስታውሰዋል። ኢዮስያስም በልቷል፣ ጠጥቷል፤ ለድሃና ለችግረኛ ግን ፈርዷል። እግዚአብሔርን ማወቅ ማለት ይህ ነው ይላል ኤርምያስ። እግዚአብሔርን የማወቅ መለኪያው የግንበኛው ሒሳብ ሆነ።

የቴቁሔው እረኛ አሞጽም በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ድሃ በጫማ ዋጋ በሚሸጥባት አገር በዓሉም መሥዋዕቱም ተቀባይነት እንደሌለው ተናግሯል። መጽሐፈ ሲራክ የሠራተኛን ዋጋ የከለከለን ሰው ደም ካፈሰሰ ጋር ይቆጥረዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይጽፋል። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተጠበቀው፣ አባቶቻችን ለዓለም ያቆዩት መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ በሌላው ድካም ቤታቸውን በሚሠሩ ሰዎች ላይ ወዮታ ያወርዳል። መጽሐፉን የጠበቅነው እኛ ነን፤ ቃሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውም እኛን ነው።

እናቴ ያልገባት ይህ ነበር፤ ለእኔም ለብዙ ዘመን አልገባኝም። ምጽዋት ከራስ ገንዘብ የሚሰጥ ነው። ደመወዝ ግን የሠራተኛው ገንዘብ ነው፤ ሠርቶ ባበቃ ሰዓት ባለቤቱ ተለውጧል። የሠራተኛዋን 30 ብር ይዞ ለነዳያን ዳቦ የሚጋግር ሰው የሰጠው የማንን ነው? የሰንበት ጽድቃችን በሰው ገንዘብ የተገዛ እንዳይሆን ያስፈራል።

ዛሬውኑ

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ የድሆች ጩኸት ሰማ። ጩኸቱ በጠላት ላይ አልነበረም፤ በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነበር። እርሻቸውን አስይዘዋል፤ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተዋል። ነህምያ ተቆጣ፤ ታላላቆቹን ሰብስቦ ወቀሰ። ከዚያ የብዙ መሪ አንደበት የማይደፍረውን ተናገረ፦ እሱና ወንድሞቹም ለሕዝቡ አበዳሪዎች እንደነበሩ። እርሻው፣ ወይኑ፣ ቤቱ፣ የተወሰደው ወለድ በዚያው ቀን እንዲመለስ ጠየቀ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ወይም ጉዳዩ እስኪጠና አልቀጠረም። እነሱም እንመልሳለን አሉ።

ይህ ለዛሬ ምን ይሆናል? የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ማንበብ ካልቻለች በምታምነው ሰው ፊት ይነበብላት። የክፍያው ቀን ይቆረጥ። ገንዘቧ በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ይግባ፤ ማጠራቀም ከፈለገች ታጠራቅም፣ መበተን ከፈለገች ትበትን፤ ገንዘቡ የእሷ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው መታወቂያ ዛሬ ማታ ይመለስላት። በሥራ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ የቤቱ ኪሳራ እንጂ የእሷ ዕዳ አይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ትረፍ፤ ሰንበትን የሚያዝዘው ትእዛዝ አገልጋይቱን በስም ጠርቷታል።

ቤተ ክርስቲያንም አሠሪ ናት። የደብሩ ጥበቃ፣ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሕንፃውን የሚያቆመው ግንበኛ በጊዜው ይከፈላቸዋል ወይ? የንስሐ አባት ስለ ጾም እንደሚጠይቅ «የሠራተኛህን ደመወዝ ከፍለሃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መጋቢው ከስብከቱ በፊት የጉባኤውን ደመወዝ መዝገብ ቢያይ፣ ነቢያቱ የሞቱለት ቃል ከመድረክ ወርዶ ቤት ይገባል።

ደብተሩ ከተገኘ ከዓመት በኋላ፣ ገጹ ላይ የነበረውን ቀበሌ ይዤ በሰው በሰው አጠያየቅኩ። ሠራተኛችን ጎጃም ውስጥ በአንዲት ከተማ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች አሉኝ። ሄድኩ። በልጅነቴ «አንቺ» ስላት ኖሬ አሁን ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ «እርስዎ» አልኳት፤ በእውነተኛ ስሟም ጠራኋት። ቡና አፈላችልኝ። ያኔ በ240 ብር ኩንታል ጤፍ ይገዛ እንደነበር አስታወሰችኝ። ሒሳቡን በብር ሳይሆን በጤፍ ልንሠራው ተስማማን።

ደብተሩን አውጥቼ ዘረጋሁላት። ማንበብ እንደማትችል ነገረችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የእሷ ሒሳብ የተጻፈው እሷ በማታነበው ፊደል ነበር። መስመር በመስመር አነበብኩላት። «ኅዳር፣ ፔርሙዝ፣ 18 ብር» ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ፔርሙዙን እኔ አልሰበርኩትም» አለች። ድምፅዋ አልተነሣም። «አንተ ነህ የሰበርከው። እትዬ እንዳይገርፉህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እርሳስ ለመንኩ። ከልጇ ደብተር ጋር የነበረውን አቀበለችኝ። 240ን ሰርዤ ከሥሩ 258 ጻፍኩ፤ ሒሳቡን ከዚያ ጀመርን።